የጋሼ ቧንቧ አውራ ጣት

«ይኼን አልተረጉምም» አለች ሪሞት።

«የትኛውን?» አለ አጎቷ።

«ጣቴን ቧንቧ ውስጥ ከትቼ ሦስት ቀን ቆምኩ ያልከውን።»

«ታዲያ ስንት ልበል? አራት ብል እኮ ውሸት ይሆናል።»

ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው የሆቴሉ የጥገና ኃላፊ አንዴ አጎቷን፣ አንዴ ሪሞትን ታያለች። ወገቧ ላይ ያንጠለጠለችው የቁልፍ ዘለላ የሆቴሉን በር ብቻ ሳይሆን የከተማውን በር ሁሉ የሚከፍት ይመስላል። ቢሮዋ ምድር ቤት ነው። ከጀርባዋ የውኃ ማሞቂያው እንደ ጠገበ በሬ ያጉረመርማል፤ በጣሪያው ላይ ቀይና ሰማያዊ የተቀቡ ቧንቧዎች ከዳር እስከ ዳር ተጋድመዋል። አጎቷ ከገባ ጀምሮ ዓይኑን ከእነሱ አልነቀለም።

ጥያቄው ቀላል ነበር፦ «ስለ ሥራ ልምድህ ንገረኝ።» አጎቷ ግን ለዚህች ጥያቄ ከወንበሩ ተነሣ። ዋናው መስመር መሀል ገበያ ላይ እንዴት እንደፈነዳ፣ ውኃው ሽቅብ ወጥቶ የሚበር ወፍ እንዴት እንዳጠበ፣ እሱም ሮጦ ደርሶ አውራ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ እንዴት እንደሰካ በእጁም በእግሩም ተረከ። ሰው በማንኪያ አጎረሰው። ፀጉር አስተካካይ መጥቶ በቆመበት ጢሙን ላጨው።

ሪሞት ወደ ኃላፊዋ ዞረች። «ብዙ ልምድ አለው» አለች በአገሩ ቋንቋ።

ኃላፊዋ ቅንድቧን አነሣች። «ያ ሁሉ ይኼ ብቻ ነው?»

«አዎ።»

ሪሞት ትክክለኛ ስሟ አይደለም። የሚኖሩበት ሕንፃ ሰው ቋንቋ ባቃተው ቁጥር እሷን እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ስለሚጫን የወጣላት ነው። ወላጆቿ ወደዚህ ከተማ ሲመጡ ገና ጥርሷን እየቀየረች ነበር፤ የአገሩን ቋንቋ ከአዲሱ ጥርሷ ጋር አብራ አበቀለችው። ትልልቆቹ ግን ጥርሳቸውን ቀደም ብለው ስለጨረሱ አልበቀለላቸውም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሪሞት ሥራ ላይ ናት። ሐኪም ቤት አንድ ዋጋ ነው። ከአከራይ ጋር የሚደረግ ጭቅጭቅ እጥፍ ነው። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ የሚጮህበት ከሆነ ደግሞ እጥፉም እጥፍ ይሆናል። የደብተሯም የጫማዋም ወጪ የሚሸፈነው ከዚሁ ነው።

ሙያዋ ማሳጠር ነው፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ታስባለች። አንዲት ጎረቤት ጉልበቷን አሟት ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ወሬውን የጀመረችው ከሠርጓ ቀን ነበር። ጫማው፣ ደረጃው፣ የባሏ እናት ምቀኝነት፣ ሁሉም ተነሣ። ሪሞት ጠበቀች፣ ጠበቀችና «ጉልበቷን ያማታል» አለች። ሐኪሙ በደስታ ሊያቅፋት ምንም አልቀረው። ከዚያ ወዲህ ሪሞት ራሷን እንደ ወንፊት ነው የምታየው። ገለባው እዚያው ይቅር፣ ፍሬው ይለፍ።

አጎቷ ግን ገለባው ብቻውን ወንፊት የሚያስቸግር ሰው ነው። የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሁሉም ጋሼ ቧንቧ ይለዋል። ከመጣ ጊዜ ጀምሮ ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው ላይ ይተኛል። ሲያንኮራፋ የአራተኛ ፎቅ ሰዎች ባቡር መጣ ብለው ሻንጣ ያነሣሉ ይባላል። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ጠረጴዛ የሪሞት ማጥኛ ነበር፤ አሁን የአጎቷ መፍቻ፣ ላስቲክና ዝገት የበላው የቧንቧ ራስ ተደርድሮበታል። እሷ የማጠቃለያ ፈተና ደርሶባት የምታጠናው መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ትራስ አንጥፋ ነው። እዚያም አይተዋትም። በሩን ቆርቆር አድርጎ «ሪሞቴ፣ ያቺን ቧንቧ አንዴ ልያት፣ ድምፅዋ አላማረኝም» ይላል።

የሆቴሉ ሥራ የሠራተኛ መኖሪያ ክፍል አለው። እሱ ሥራውን ካገኘ እሷ ጠረጴዛዋን ታገኛለች። ለዚህ ነው ዛሬ እዚህ የተቀመጠችው። ያውም በክፍያ፤ «ዘመድ ነኝ ብዬ ሰው በነፃ አላለፋም» ብሎ ገና ከቤት ሳይወጡ ሒሳቧን ሰጥቷታል።

«እሺ» አለች ኃላፊዋ። «ቧንቧ ፈነዳ እንበል። የውኃው መዝጊያ የት እንደሆነ አይታወቅም። ሕንፃው አሮጌ ነው፤ የሠሩት ሰዎች ዛሬ የሉም። ምን ታደርጋለህ?»

ሪሞት ተረጎመችለት። የአጎቷ ፊት በራ።

«እሱን እኮ ነው እየነገርኳቸው ያለሁት» አለና እንደገና ተነሣ። «አንድ ወፍራም ፖሊስ መጣ። ወንድሜ፣ እኔ መዝጊያውን እስክፈልግ ጣትህን አበድረኝ አልኩት...»

ታሪኩ ፖሊሱ ጋ ሲደርስ ሪሞት ጆሮዋን ዘጋች። ስለ ፖሊሱ ሃምሳ ጊዜ ሰምታለች። አጎቷ ግድግዳውን በመዳፉ ይዳብሳል፣ ግንባሩን ይጠርጋል፣ ቁምሳጥን እንደሚገፋ ሰው ጎንበስ ቀና ይላል። እሷ የምታስበው ገንዳው ውስጥ ትታው ስለመጣችው የሒሳብ መጽሐፍ ነበር። ጨርሶ ሲቀመጥ ኃላፊዋ ወደ እሷ ዞረች።

«መዝጊያውን ይዘጋዋል» አለች ሪሞት።

«መዝጊያው አልተገኘም ነው ያልኩት።»

«ማለቴ... ሰው ይጠራል።»

ኃላፊዋ የአጎቷን እጆች ለአፍታ አየቻቸው። ከዚያ ተነሣች፤ ቁልፎቿም አብረዋት ተነሡ። «ጥሩ። እንደውላለን።»

«ምን አሉ?» አለ አጎቷ።

«ይደውላሉ።»

አጎቷ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። ሪሞት በሩን በሩን አየች። «እንደውላለን» ማለት በየትኛውም ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

አውቶቡስ ውስጥ አጎቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ጥቂት እንደሄዱ፣ «ፖሊሱ ጋ ስትደርሺ ግን አልሳቁም» አለ። «ያ ፖሊስ እኮ ድንጋይ ያስቃል።»

«አልነገርኳትም።»

«ለምን?»

«ጋሼ፣ ሰው ስለ ሥራ ሲጠየቅ ተረት አያወራም። እኔ ፍሬውን ነው የነገርኳት።»

«ላቡንስ ነገርሻቸው?»

«የምን ላብ?»

አጎቷ ከመስኮቱ ዞሮ አያት። «የቧንቧውን ላብ።»

«ቧንቧ አያልበውም ጋሼ። በናትህ በቃኝ። ከጠዋት ጀምሮ ወፍ፣ ማንኪያ፣ ፀጉር አስተካካይ... አሁን ደግሞ ላብ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። አውራ ጣቱን ወደ ብርሃኑ አነሣና ልክ የሌላ ሰው ጣት ይመስል አገላብጦ አየው።

«እኔ ያንቺን አፍ ነበር የተበደርኩት» አለ። «ፖሊሱ እንኳ ጣቱን ሲያበድረኝ አላንቀሳቀሰውም።»

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሪሞትም ተናደደች። ለሰው ተለፍቶ ምስጋናው ይኼ ነው? እሷ ባታሳጥርለት ኃላፊዋ ገና ወፏ ስትታጠብ ታባርረው አልነበር?

ቤት ሲገቡ ግን ነገሩ ባሰ። አጎቷ መብል ሲቀርብለት የታወቀ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» ይላል። ሁለተኛ ሲጠየቅ «ኧረ በሞቴ ተዉኝ» ይላል። ሦስተኛ ሲጠየቅ «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ ድስቱን እስከ ቂጡ ይጠርገዋል። እናቷ ይህን ስለምታውቅ ሦስቱንም ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰዋለች። አንድ ቀን ሪሞት ለሙከራ ሁለተኛው ላይ ስታቆም፣ ሰውዬው ከራት እስከ መኝታ ድስቱን እንደ ከዳው ወዳጅ ሲያየው አመሸ።

ያን ቀን እናቷ ሦስት ጊዜ ጠየቀችው። ሦስት ጊዜ «አይ» አለ። እጇ ጭልፋው ላይ እንዳለ አራተኛ ጠየቀችው። በዚያ ቤት አራተኛ ጥያቄ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነበር።

«አይ» አለ አጎቷ።

እናቷ ጭልፋውን አስቀምጣ ወደ ሪሞት ዞረች። «ምን አድርገሽው ነው?»

«እኔ? ምንም። እሱ ነው እንጂ ከቧንቧ ላብ የሚጠብቀው።»

በማግስቱ ጠዋት ሪሞት ገንዳዋ ውስጥ ገብታ መጽሐፏን ከፈተች። አጎቷ ገላውን ታጥቦ መውጣቱ ስለነበር ክፍሉ እንፋሎት ብቻ ነው። እናቷ ወጥ ቤት ዕቃ እያጠበች ነው። አንድ ጠብታ ከላይ መጥቶ የመጽሐፉ ገጽ ላይ ጠብ አለ። ሪሞት በእጅጌዋ ጠረገችው። ሌላ ጠብ አለ።

«አሁን ደግሞ ጣሪያው» ብላ ቀና አለች።

ከራሷ በላይ ሁለት ቧንቧዎች ጎን ለጎን አልፈዋል። አንዱ ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል፤ ሌላው ላይኛው ፎቅ ላይ ወዳሉት፣ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ቤታቸውን ወደቆለፉት ጎረቤቶች። የጎረቤቶቹ ቧንቧ ደረቅ ነው። የወጥ ቤቱ ከላይ እስከ ታች ጥቃቅን ጠብታ አውጥቷል፤ ልክ እንደ ሰው ግንባር።

ሪሞት ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆማ በመዳፏ ነካችው። ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ሌላውን ነካች። ለብ ያለና ደረቅ ነው።

«እማዬ፣ ውኃውን እስቲ ዝጊው።»

«ለምን?»

«ዝጊው ዝም ብለሽ።»

ተዘጋ። ሪሞት ቧንቧውን በፎጣ አደረቀችና ጠበቀች። ምንም የለም። «አሁን ክፈቺው» አለች። ጥቂት ቆይቶ ጠብታዎቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ።

«አንቺ ልጅ ምን ሆነሻል?» አለች እናቷ ከወጥ ቤት። «የአጎትሽ ነገር ተጋባብሽ እንዴ?»

ሪሞት እርጥቡን ቧንቧ እንደገና ነካችው። ግድግዳውን የሚዳብሰው መዳፍ ትዝ አላት። ግንባሩን ሲጠርግ ትዝ አላት፤ የሱን ላብ አልነበረም ለካ የሚያሳየው። ቁምሳጥኑን ሲገፋ ትዝ አላት። ሰውዬው እዚያ ቢሮ ውስጥ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው መልሶ ነበር። ወደ ኃላፊዋ የደረሰው ግን «ሰው ይጠራል» የሚል ነው። እሱን ደግሞ አጎቷ በሕልሙም አላለውም።

«ወይ ጣጣ» አለች ሪሞት ለሁለቱ ቧንቧዎች።

አጎቷ ሶፋው ላይ ተቀምጦ መፍቻ ይወለውላል። አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ ለፖሊሱ ጣቱን ካስያዝከው በኋላ ምን ሆነ?»

«አይ፣ ተዪው።»

«ንገረኝ።»

«ኧረ በሞቴ ተዪኝ። ተረት ነው፣ ምን ያደርግልሻል?»

«ጋሼ፣ ንገረኝ።»

መፍቻውን አስቀመጠ። «እንግዲህ ካልሽ» አለና ነገራት። ከወፏ ጀመረ። ሪሞት ከንፈሯን ነክሳ ሁሉንም ሰማች፤ የጢሙን መላጨት ሳይቀር። ፍሬው የቱ ውስጥ እንዳለ አሁን ስለማታውቅ ምኑን እንደምትጥል አታውቅም ነበር።

ሰኞ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሆቴሉ ምድር ቤት ወረደች። ኃላፊዋ ቆማ የሻይ ኩባያ ይዛለች።

«ሰው ይጠራል ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ሪሞት፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ። «እሱ እንደዚያ አላለም። ያለውን በራሴ ወንፊት ነፋሁት።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«ረጅም ነው።»

«ሻዬም ትኩስ ነው» አለች ኃላፊዋና ተቀመጠች።

ሪሞት ሁልጊዜ የምትተረጉመው «እሱ እንዲህ ይላል፣ እሷ እንዲህ ትላለች» እያለች ነው። እንደዚያ ሲሆን ውሸቱ የባለቤቱ ነው፤ እሷን አይነካትም። ዛሬ ግን እንደዚያ ብትጀምር በየመሀሉ «ይላል» እያለች ታሪኩን መልሳ በወንፊት ልትነፋው እንደምትጀምር ገባት። ስለዚህ እንደ አጎቷ ተነሣች።

«አውራ ጣቴን ቀዳዳው ውስጥ ሰካሁት» አለች፤ ፊቷ ከማሞቂያው በላይ ጋለ። ወፏን አጠበች። በማንኪያ ጎረሰች። የሌላትን ጢም ተላጨች። ኃላፊዋ ፊቷ አልተነቃነቀም። ፖሊሱ መጥቶ «ጣቴን መቼ ትመልስልኛለህ?» ሲል ግን የወገቧ ቁልፎች ተንሿሹ። ሪሞት ኃላፊዋ እየሳቀች መሆኗን ያወቀችው በቁልፎቹ ነው።

«ከዚያ በገበያው ቤቶች ውስጥ የሚያልፉትን ቧንቧዎች በእጄ ዳበስኳቸው። ውኃ የሚሄድበት ቧንቧ ሙቅ ቦታ ላይ ያልበዋል፤ የቆመው ደረቅ ነው። ላቡን ተከትዬ ሄድኩ። ግድግዳ ውስጥ ሲገባ በማዶ በኩል ዞሬ ጠበቅኩት። መጨረሻው ላይ ቁምሳጥን ነበር። ቁምሳጥኑን ገፋሁት፤ መዝጊያው ከኋላው ነው። ግንበኛ መዝጊያ የሚያስቀምጠው ሰው ቁምሳጥን የሚያቆምበት ቦታ ላይ ነው፤ በክፋት ሳይሆን ሁለቱም ባዶ ጥግ ስለሚወዱ።»

ኃላፊዋ ኩባያውን አስቀምጣ ተነሣች። ሰማያዊውን ቧንቧ በመዳፏ ያዘችው፤ እጇንም አየች።

«ሦስት ቀን?» አለች።

«ሦስት ቀን ነው ያለው።»

«አንቺ ታምኛለሽ?»

«እኔ አስተርጓሚ ብቻ ነኝ።»

ቁልፎቹ እንደገና ትንሽ ተንሿሹ። «ቅዳሜ ይምጣ» አለች ኃላፊዋ። «የልብስ ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ እየረጠበ ነው፤ ሁለት ቦታ አስፈርሼ አላገኘሁትም። አንቺም ነይ። ወንፊትሽን ግን ቤት አስቀምጪው፤ እኔም የራሴ አለኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት አጎቷ ከቤት ሳይወጣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«አላስከፍልም» አለች ሪሞት። «የራሱ ጥገና መልሶ ለሚያንጠባጥብበት ሠራተኛ ድጋሚ አይከፈልም ስትል አልነበር?»

አጎቷ እጁን ከኪሱ አወጣ። አልሳቀም፤ ደረጃውን ሲወርድ ግን ማፏጨት ጀመረ። ሪሞት ለራሷ «ጀመረን» አለች።

የማጠቢያው ክፍል ሙቀት ሰው ይቀቅላል። አጎቷ ጫማውን አወለቀ፣ መዳፉን ግድግዳው ላይ አደረገና ዓይኑን ጨፈነ። አፉ ግን አልተጨፈነም። አንድ ጊዜ ቤት ሙሉ ውኃ ውስጥ ዋኝቶ ገብቶ፣ አልጋዋ ላይ እየተንሳፈፈች የተኛችን ሴትዮ ሳይቀሰቅስ ቧንቧዋን ጠግኖ ስለመውጣቱ ያወራል። ሪሞት እግር በእግር እየተከተለች ትተረጉማለች። ቤቱን ተረጎመች። መዋኘቱን ተረጎመች። የሴትዮዋን ማንኮራፋት ሳይቀር አንኮራፍታ ተረጎመች። ጉሮሮዋ ደረቀ፣ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣበቀ፤ ለፈተናው ያጠናችው ሒሳብም ከጭንቅላቷ ጠብ ጠብ እያለ ሲወጣ ተሰማት። አጎቷ ኮሪደሩን ዞረ፣ መጋዘን ገባ፣ አንሶላ የተቆለለበት መደርደሪያ ፊት ቆመ።

«እዚህ ኋላ» አለ።

«እዚህ ኋላ» አለች ሪሞት።

መደርደሪያው ተገፋ። ከኋላው ዝገት የለበሰ መዝጊያ ነበር፤ ከሥሩም ውኃ ቀጭን ሆኖ ወደ ግድግዳው ይገባል። ኃላፊዋ ጎንበስ ብላ አየችው። ምን ብላ እንዳጉተመተመች ሪሞት አልተረጎመችም፤ ለአጎቷ የተባለ አልነበረም።

«ሥራው ያንተ ነው» አለች ኃላፊዋ ዞር ብላ። «መኖሪያ ክፍልም አለው። ትፈልገዋለህ?»

ሪሞት ተረጎመችለት። ጠረጴዛዋን በዓይነ ሕሊናዋ አየችው፤ መፍቻ የሌለበት፣ መስኮቱ አጠገብ።

አጎቷ መሬት መሬቱን አየ። ጣቱን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። «አይ፣ እኔ ምን እላለሁ... ከእኔ የባሰበት ይኖራል። ለእሱ ይስጡት በያቸው።»

ሪሞት አፏን ከፍታ ቀረች። ይኼ ሰውዬ ሊገድላት ነው። «አዎ፣ አመሰግናለሁ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ማንም አያውቅባትም። ኃላፊዋ ትደሰታለች፣ አጎቷ ክፍሉን ያገኛል፣ እናቷ ሶፋዋን ታገኛለች። ደግሞም ሰውዬው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አጎቷ ግን ኃላፊዋን ሳይሆን እሷን፣ አፏን ነበር የሚያየው።

ጣቱን ያላንቀሳቀሰው ወፍራም ፖሊስ ትዝ አላት። ሰውዬው መኖሩንም እንጃ።

«አይ» አለች ሪሞት በአገሩ ቋንቋ። «ከእኔ የባሰበት ይኖራል። ለእሱ ይስጡት።»

የኃላፊዋ ፊት ጨለም አለ። «እንደዚያ ከሆነ...» አለችና እጇን ወደ ቁልፎቿ ሰደደች።

ሪሞት ልክ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዳለች እጇን አነሣች። «አሁን የምናገረው እኔ ነኝ» አለች። «በእኛ ቤት የመጀመሪያው አይ አይቆጠርም። እንደገና ይጠይቁት።»

«ምን አልሻቸው?» አለ አጎቷ።

«ያልከውን። ከዚያ ደግሞ የራሴን።»

ኃላፊዋ አንዴ አጎቷን፣ አንዴ ሪሞትን አየች፤ እንደገናም ጠየቀችው።

«ኧረ በሞቴ፣ ይተዉኝ» አለ አጎቷ።

ሪሞት ሞቱንም ሳታስቀር ተረጎመች። ኃላፊዋ ደነገጠች። «የምን ሞት? አሞታል እንዴ?»

«ደህና ነው። ሁለተኛው ላይ እንደዚህ ይላል።»

«ቆይ፣ ስንት ጊዜ ነው የሚጠየቀው?»

«ሦስት።»

«አራተኛውስ?»

«አራተኛ ላይ አይ ካለ የምሩን ነው።»

ኃላፊዋ ሰዓቷን አየች። እርጥቡን ግድግዳ፣ የተገፋውን መደርደሪያ፣ በባዶ እግሩ የቆመውን ሰውዬ አየች። ከሆዷ በረጅሙ ተነፈሰችና ለሦስተኛ ጊዜ፣ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየለየች ጠየቀች።

ሪሞት የደረቀ ከንፈሯን አራሰች። ወደ አጎቷም ዞረችና ከነትንፋሹ ተረጎመችለት።